ባለቤቱ ራሱ በሚጠብስበት በርገር ቤት እንዴት እንመገብ?

ብዙ ቅርንጫፍ ባለው የበርገር ኩባንያ ውስጥ የሥጋው ክብደት፣ የምጣዱ ሙቀት፣ የሶሱ ልክ ሁሉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተወስኖ የመጣ ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው ሰው ቢፈልግም እንኳ አንዱንም ሊለውጥ አይችልም። ባለቤቱ ራሱ ምጣድ ፊት በሚቆምበት ትንሽ ቤት ግን ሥጋውን የገዛው፣ ዳቦውን የመረጠው፣ አሁን እየጠበሰ ያለውና የእርስዎን ቃል የሚሰማው አንድ ሰው ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ሆኖ ሳለ አብዛኞቻችን ሳንጠቀምበት እንወጣለን። ገብተን፣ ከዝርዝሩ አንዱን በጣታችን ጠቁመን፣ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ጠብቀን፣ በልተን እንሄዳለን። በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ቤት ጥሩ በርገርን ከመካከለኛው የሚለየው ነገር ብዙውን ጊዜ ከተመጋቢው በኩል ነው፦ የመጣበት ሰዓት፣ የጠየቀው ጥያቄ፣ ያልተመቸውን የተናገረበት ጊዜ። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ከመቀመጥዎ በፊት ቤቱን ይመልከቱ

በር ላይ አንድ ደቂቃ ቆም ማለት ነውር የለበትም። መጀመሪያ ያሽትቱ። ትኩስ ሥጋና የተቆላ ዳቦ የሚሸት ቤት አለ፤ ያረጀ ዘይት የሚሸት ቤትም አለ። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ከሩቅ ይታወቃል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንዳንዴም የዓሣ የሚመስል ሽታ ያመጣል። ዘይቱን በጊዜው የማይቀይር ሰው በሌላው ነገር ይጠነቀቃል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ቀጥለው የምግብ ዝርዝሩን ርዝመት ይዩ። አንድ ምጣድና ሁለት እጅ ያለው ሰው አርባ ዓይነት ምግብ ትኩስ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም፤ ዝርዝሩ ከበዛ አብዛኛው ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነው። አምስት ስድስት በርገር፣ ድንች፣ ጥቂት መጠጥ ጽፎ ያቆመ ቤት የሚችለውን ያውቃል። ምጣዱ ከወንበሮቹ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የጠባሹን እጅ ይከታተሉ። በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል ብረቱን ይፍቃል? ጥሬውን ያነሣበትን መሣሪያ ለበሰለውም ይጠቀምበታል? ሥጋውን ካገላበጠ በኋላ ደጋግሞ ይጫነዋል? ይህን የመጨረሻውን ካዩ ደረቅ በርገር ይጠብቁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

2. ሰዓትዎን ይምረጡ

ትንሽ በርገር ቤት ስንት ሰው በደንብ ሊያበላ እንደሚችል የሚወስነው የምጣዱ ስፋት ነው። ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ወፍራም ሥጋ ሁለቱም ጎኑ በስሎ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ምጣዱ በአንድ ዙር ስምንት የሚይዝ ከሆነ ዘጠነኛው ሰው 20 ደቂቃ፣ አሥራ ሰባተኛው ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። መጠበቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ቀዝቃዛ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲደረደርበት ብረቱ ይበርዳል፤ የበረደ ብረት ደግሞ ሥጋውን መጥበሱ ቀርቶ በራሱ ውኃ ይቀቅለዋል። በምሳ ግርግር መካከል የሚወጣው በርገር አንዳንዴ ግራጫና ለስላሳ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

የሚመቸው ጊዜ ከግርግሩ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ወይም ሰዉ ከሳሳ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው። በሩ እንደተከፈተ መግባትን አልመክርም፤ ብረቱ በወጉ አልጋለም፣ ጠባሹም ገና እጁን አላሟሸም። ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መግባትም እንደዚያው ነው።

ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ደውሉ። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሆነን፣ ሳንደውል፣ ልክ በምሳ ሰዓት ጥቂት ወንበሮች ወዳሏት ቤት ገባን። ባለቤትዋ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ወንበር አሰባስባ አስቀመጠችን። የእኛ ትእዛዝ ምጣዱን ስለያዘው ግን ከእኛ በኋላ የመጡ አምስት ስድስት ሰዎች ጠብቀው ጠብቀው ወጡ። ሁልጊዜ የሚመጡ ደንበኞችዋ ነበሩ፤ በስማቸው እየጠራች ይቅርታ ስትጠይቃቸው ሰምቻለሁ። ከአንድ ቀን በፊት ደውለን ቢሆን ኖሮ ወይ ሰዓታችንን ታሸጋግረው ነበር፣ ወይ ለተጨማሪ ሰው ትዘጋጅ ነበር። ቦታ አስይዘው ሳይሄዱ መቅረትም ከዚህ አይለይም። ትልቁ ኩባንያ ባዶ ጠረጴዛ አይጎዳውም፤ አሥራ ሁለት ወንበር ያለው ሰው ግን አራቱ ባዶ ሲያድሩ የምሽቱን ገቢ ሲሶ ያጣል።

3. ሁለቱን ዓይነት በርገር ይለዩ

ከማዘዝዎ በፊት ቤቱ የትኛውን እንደሚሠራ ይወቁ፤ ብዙ ቅር መሰኘት የሚመጣው አንዱን እየጠበቁ ሌላውን ከመቀበል ነውና።

አንደኛው ተጭኖ የሚሳሳው ነው። የተፈጨው ሥጋ እንደ ድቡልቡል ኳስ ሆኖ እጅግ በጋለ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቀመጥና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በኃይል ይጫናል። ስስ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ፊቱ በሙሉ ብረቱን ይነካል። የዚህ በርገር ጣዕም ያለው ከቅርፊቱ ላይ ነው። ሥጋ በከፍተኛ ሙቀት ቡናማ እየሆነ ያን ሁላችንም የምናውቀውን መዓዛ የሚሰጥበትን ለውጥ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ የፕሮቲንና የስኳር ክፍሎች በፍጥነት ሲዋሐዱ የሚመጣ ነው። እርጥብ ነገር ውኃው እስኪተን ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ የሥጋውን ፊት በቅጽበት የሚያደርቅ የጋለ ብረት ከሌለ ቅርፊት የለም።

መጫን የሚጠቅመው በዚያች የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው። ሥጋው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ስቡ አልቀለጠም፣ የሚፈስ ወዝ የለም። ከተገላበጠ በኋላ የሚጫን ሰው ግን የቀለጠውን ስብና ጭማቂ ጨምቆ ለብረቱ ይሰጠዋል። ሲጫነው የሚሰማው የጩኸት ድምፅ ደስ ይላል፤ የሚጮኸው ግን እርስዎ ሊበሉት የነበረው ወዝ ነው።

ሁለተኛው ወፍራሙ ነው። በእጅ ተድበልብሎ፣ መካከሉ ጥቂት ጎድጎድ ተደርጎ፣ በዝግታ ይበስላል። ጎድጎዱ ለጌጥ አይደለም፤ ሥጋው ሲበስል ዳር ዳሩ ስለሚኮማተር መካከሉ ያብጣል፣ ጎድጎዱ ያን እብጠት ይመልሰዋል። በዚህ በርገር ቅርፊቱ ትንሽ፣ የውስጡ ሥጋ ብዙ ስለሆነ የሥጋው ጥራት መሸሸጊያ የለውም። የቤቱን ሥጋ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ወፍራሙን ይዘዝ፤ የጠባሹን እጅ ለመፈተን የሚፈልግ ስሱን።

በሁለቱም ከአምስት እጅ አንዱ፣ ማለትም 20 በመቶ ገደማ ስብ መሆኑ በሙያው የተለመደ ልክ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ በርገሩ ይፈረካከሳል፣ ይደርቃል። የትከሻ ሥጋ በተፈጥሮው ለዚህ ልክ ቅርብ ስለሆነ ብዙዎች እርሱን ይይዛሉ፤ ፍርምባ ወይም የጎድን ሥጋ የሚቀላቅሉበትም አሉ።

አሁን መጠየቅ ይችላሉ። «ምን ጥሩ ነገር አለ?» የሚለውን ይተዉት፤ መልሱ «ሁሉም ጥሩ ነው» ነው። ይልቁንም «ሥጋውን እዚሁ ነው የሚፈጩት?» ብለው ይጀምሩ። ራሱ የሚፈጭ ሰው ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል፤ ከየትኛው ክፍል እንደሚያዘጋጀው፣ በየስንት ቀኑ እንደሚፈጭ ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። ከዚያ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣሁ ሰው የትኛውን ይሰጡኛል?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ባለቤቱ ከሁሉ አስበልጦ የሚኮራበትን ያወጣል። ፋታ ካለው ደግሞ ጨው መቼ እንደሚያደርግበት ይጠይቁት። ሥጋውን የሚያውቅ ሰው «ምጣድ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ከላይ ብቻ» ይላል፤ ጨው አስቀድሞ ከተፈጨ ሥጋ ጋር ከታሸ የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚያሟሟው በርገሩ እንደ ቋሊማ ድርቅ ይላልና። ሰልፍ ካለ ግን አንዱን ጥያቄ ጠይቀው ይለፉ።

4. ሲያዝዙ

በመጀመሪያው ቀን የቤቱን ቀላሉን ቺዝበርገር እንዳለ ይዘዙ። ሥጋ፣ ቺዝ፣ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ የቤቱ ሶስ። አምስት ነገር የተደራረበበት በርገር ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ ቀላሉ ግን ምንም አይሸፍንም። ቺዙ ስስ የፋብሪካ ቺዝ ከሆነ አይናቁት። ውስጡ ያሉት ጨዎች ስቡንና ፕሮቲኑን ስለሚያያይዙ ሳይለያይ ይቀልጣል፣ ሥጋውንም እንደ ሶስ ይለብሰዋል፤ በቆይታ የበሰለ ቺዝ ጣዕሙ ቢበልጥም ሲቀልጥ ዘይቱን ይተፋል። የፋብሪካውን ቺዝ ብዙ ጥሩ ጠባሾች አውቀው ይመርጡታል።

አንዱን ነገር ማስቀረት ምንም አይደለም፤ «ሽንኩርት አይግባበት» ማለት መብትዎ ነው። ሦስት አራት ነገር አስቀርተው ሌላ ሦስት የሚያስጨምሩ ከሆነ ግን የእርስዎን በርገር በእርሱ ምጣድ ማሠራትዎ ነው፤ ስለ ቤቱም ምንም ሳያውቁ ይወጣሉ። በራሳቸው መንገድ የጸኑ ቤቶችም አሉ። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘው ሉዊስ ላንች እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ትንሽ ቤት ሲሆን በርገሩን የሚያቀርበው በተጠበሰ ዳቦ ቁራጭ መካከል ነው። ቺዝ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ ኬችአፕ፣ ሰናፍጭና ማዮኔዝ ግን አይሰጥም። ይህን እንደ ግትርነት የሚያዩት አሉ። እኔ ከመቶ ዓመት በላይ አንድን ሥጋ ያወቀ ቤት «ቅመሰውና ተናገር» ማለቱ ነው የምለው።

አለርጂ ካለብዎ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አይግባ። ከማዘዝዎ በፊት፣ በግልጽ፣ «ደስ አይለኝም» ሳይሆን «አለርጂ አለብኝ» ብለው ይናገሩ። በርገር ከሚመስለው በላይ ብዙ ነገር ይሸሽጋል፦ ዳቦው ላይ ሰሊጥ፣ ለስላሳው ዳቦ ውስጥ እንቁላልና ወተት፣ ማዮኔዝ ውስጥ እንቁላል፣ ሶስ ውስጥ ሰናፍጭ ወይም አኩሪ አተር። ሰሊጥ በአሜሪካ ሕግ ከዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪ ምግቦች ዘጠነኛው ሆኖ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የተደረገው እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ካነሡ በኋላ ስለ ምጣዱና ስለ ዘይቱም ይጠይቁ። ድንቹ የሚጠበስበት ዘይት ዱቄት የተቀባ ነገር ከተጠበሰበት፣ ድንቹ ስንዴ ባይኖረውም ዘይቱ ያመጣዋል። የትንሽ ቤት ጥቅሙ መልሱን የሚሰጥዎ ያበሰለው ሰው ራሱ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ አንድ ምጣድና አንድ መጥበሻ ብቻ ሊኖረው መቻሉ ነው። «ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም» ካለዎት እውነቱን ነግሮዎታልና አመስግነው ሌላ ይብሉ።

5. የተፈጨ ሥጋ ስለ መብሰሉ

ሙሉ የስቴክ ቁራጭ ከውስጡ ቀላ ብሎ ይበላል፤ ባክቴሪያ የሚገኘው በአብዛኛው ከውጭ ፊቱ ላይ ስለሆነ እሳቱ ይደርስበታል። ሲፈጭ ግን የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ባልበሰለ በርገር ሳቢያ ከ700 በላይ ሰዎች ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመክረው የመካከል ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ቀለሙን አይመኑ። አንዳንድ ሥጋ ሙቀቱ ሳይደርስ ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንዱ ደርሶም ቀላ ይላል። የሚያረጋግጠው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ወፍራም በርገር ካዘዙና ጥርጣሬ ካለዎት «በቴርሞሜትር ነው የሚለኩት?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚለካ ሰው በጥያቄው አይከፋም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም በሕመም አቅሙ የደከመ ሰው አብሮዎ ካለ ለእርሱ በደንብ የበሰለ ብቻ ይዘዙ። ስሱን በርገር ካዘዙ በዚህ ብዙ አይጨነቁም፤ በቅጥነቱ ምክንያት ቅርፊት ሲያወጣ ውስጡም በስሏል።

6. በርገሩ ሲመጣ

ወዲያው ይብሉ። በርገር የሚጠብቅ ምግብ አይደለም፤ ቺዙ ይረጋል፣ ዳቦው ወዙን ጠጥቶ ይላላል፣ ድንቹ ይዝላል። አንድ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ መብራት መፈለግ ግን ጠባሹ የደከመበትን ማቀዝቀዝ ነው። ከእርስዎ ጋር ያሉት ሰዎች ምግብ ካልደረሰላቸውም ይጀምሩ፤ እነርሱም ይረዳሉ።

አያያዙ ቀላል ነው፦ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከታች፣ የቀሩት ሦስቱ ከላይ። ወረቀት ከተሰጠዎ ግማሹን ጠቅልለው ከታች ይያዙት፣ የሚንጠባጠበውን እርሱ ይቀበላል። የታችኛው ዳቦ ስስ ከሆነና መራስ ከጀመረ በርገሩን ገልብጠው ይያዙት፤ የላይኛው ወፍራም ስለሆነ ክብደቱን ይሸከማል። ለሁለት የሚካፈሉ ከሆነ ሲያዝዙ ይንገሩ፤ በወጥ ቤቱ የዳቦ ቢላዋ የተቆረጠ በርገር ቅርጹን ይይዛል፣ በጠረጴዛ ቢላዋ የተጫነ ግን ይፈርሳል። ኬችአፕ ከመጨመርዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉርሻዎች እንዳለ ይብሉ።

7. አንድ ነገር ሲበላሽ

በዚህ ላይ ረዘም ብዬ የምናገረው ከሁሉም በላይ የምንሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። ሥጋው ከመጠን በላይ ጨው ሆኗል፣ መካከሉ ጥሬ ነው፣ ያስቀሩት ሽንኩርት ገብቷል። ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ይበላል፣ «እንዴት ነበር?» ሲባል «ጥሩ ነበር» ይላል፣ ቤቱ ሲደርስ ግን አንድ ኮከብ ሰጥቶ ምሬቱን ይጽፋል። እኔም ከዓመታት በፊት አንዴ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ሰውየው ከመደርደሪያው በስተጀርባ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ በሦስት ደቂቃ ሌላ ሊጠብስልኝ ይችል ነበር። ፊት ለፊት ያልነገርሁትን ለማያውቁኝ ሰዎች ነገርኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በሁለተኛው ጉርሻ፣ ግማሹን ሳይበሉ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይናገሩ። የሆነውን ነገር ብቻ ይግለጹ፦ «መካከሉ አልበሰለም መሰለኝ፣ ቢያዩልኝ?» ይበቃል። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ወይም «ምን ዓይነት ቤት ነው?» ማለት ስለ ሥጋው ምንም አይነግረውም፤ በሌላ ደንበኛ ፊት ያዋርደዋል እንጂ። ጥሬ ሆኖ የተመለሰን በርገር ወደ ምጣድ ከመመለስ ይልቅ አዲስ እንዲሠራልዎ መጠየቅ ይሻላል፤ የተነከሰና የተከፈተ ሥጋ እንደገና ሲጋል ይደርቃል። ከተስተካከለልዎ ጉዳዩ አለቀ፤ ሒሳብ ሲከፍሉ አያንሡት።

ጥሩ ሲሆንም እንደዚሁ በዝርዝር ይናገሩ። «ቅርፊቱ ዛሬ በጣም ጥሩ ነበር» የተባለ ሰው ነገ ምን መድገም እንዳለበት ያውቃል።

8. ሒሳብና ወደ ቤት የሚወሰድ

ሒሳቡ በምን ቢከፈለው እንደሚመርጥ ባለቤቱን ይጠይቁት፤ በካርድ ሲከፈል ከትንሿ ትርፍ ላይ የሚቆረጥ አለ። ከቤትዎ ሆነው ማዘዝ ሲፈልጉ በመተግበሪያ ከማዘዝ ይልቅ በቀጥታ ደውለው ሄደው ይውሰዱ። ትልልቆቹ የምግብ ማድረሻ መተግበሪያዎች እንደ ውሉ ዓይነት ከሽያጩ ከ15 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ ይህ በብዙ ትንሽ ቤት ከሚቀረው ትርፍ ይበልጣል።

ለመንገድ ከሆነ ወፍራሙን በርገር ይምረጡ፤ ስሱ በአምስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ሶሱና ቲማቲሙ ለብቻ ይሁንልኝ ይበሉ፣ የድንቹን ማሸጊያ ከፈት አድርገው ይያዙት፤ የታፈነው እንፋሎት ነው ድንቹን የሚያዝለው። የዘለ ድንች በማይክሮዌቭ አይድንም፤ ያለ ዘይት በጋለ መጥበሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይመልሱት። የተረፈ በርገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ አይበላም። ማቀዝቀዣ የሚያስገቡት ከሆነ ሥጋውን ከዳቦውና ከአትክልቱ ለይተው ያስቀምጡ፣ ሲያሞቁት መካከሉ እስኪያቃጥል ያሙቁት።

9. ስለ ቤቱ ከመጻፍዎ በፊት

አንድ ጊዜ በልተው አይጻፉ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ይሂዱ፤ በሁለተኛው ቀን ከስሱና ከወፍራሙ ያልቀመሱትን ይዘዙ። ሲጽፉ የሄዱበትን ቀንና ሰዓት፣ ያዘዙትን፣ የጠበቁትን ደቂቃ፣ ችግር ከነበረ ለባለቤቱ ነግረውት እንደሆነና ምን እንዳደረገ ያስቀምጡ። «ምርጥ» እና «አስጠሊታ» ለማንም አይጠቅሙም፤ «ዳቦው በቅቤ ተቆልቷል፣ ሥጋው ስስ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ 25 ደቂቃ ጠብቄአለሁ» የሚል ጽሑፍ ግን ለሚቀጥለው ተመጋቢ ሰዓቱን፣ ለባለቤቱም ሥራውን ያስተካክልለታል።